እቶኑን ያጠፉት የአቶ ሂንሪክ ቴድሰን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሂንሪክ ቴድሰን ከአባታቸው ከአቶ ቲያርክ ቴድሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንትየ፣ በጀርመን አገር በሰሜን ባሕር ዳርቻ በቡዙም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ተወለዱ። በደብሩ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአባታቸው ጀልባ ሽሪምፕ ያጠምዱ ነበር።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ዴትሌፍ ጋር ባሕር ኃይል ገቡ። ሁለቱም አንድ የጦር መርከብ ላይ ተመደቡ፤ አቶ ዴትሌፍ ከላይ የመኮንኖች ምግብ ቤት ኃላፊ፣ አቶ ሂንሪክ ከታች እሳት አንዳጅ።

በ1918 ኦክቶበር ማለቂያ፣ መንግሥት ከጠላት እርቅ እየለመነ ሳለ፣ አቶ ዴትሌፍ ወደ እቶኑ ክፍል ወርደው፣ «ስማ ሂንሪክ፣ ጦርነቱ አልቋል። እነዚህ መኮንኖች ግን ለክብራቸው ሲሉ ነገ ይዘውን ወጥተው ሊያስፈጁን ነው። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት» አሏቸው።

መርከብ ያለ እንፋሎት ንቅንቅ አይልም። አቶ ሂንሪክና ጓደኞቻቸው ፍሙን ከእቶኑ እየዛቁ አውጥተው ውሃ ቸለሱበት፤ ከዚያም የፊተኛውን ክፍል ከውስጥ ዘግተው ተቀመጡ። ሌሎች የጀርመን መርከቦች መድፋቸውን አዞሩባቸው። ያን ጊዜ በሩን ያንኳኩት አቶ ዴትሌፍ ናቸው።

«ክፈት፣ ማንም አይነካችሁም። እናታችን ትሙት።»

ወንድም ነውና ከፈቱ። ወታደር ተደርድሮ ጠበቃቸው። አቶ ሂንሪክ ወህኒ ወረዱ፤ አቶ ዴትሌፍ በመኮንኖቹ ፊት ተመሰገኑ።

ከቀናት በኋላ ሕዝብ ተነሥቶ ወህኒውን ባይከፍት ኖሮ ሳይረሸኑ አይቀሩም ነበር። ቡዙም ግን ይቅር አላላቸውም። «ያስሸነፈን ሂንሪክ ነው» ተባለ፤ የሚያጠምዱትንም የሚገዛ ጠፋ። አቶ ዴትሌፍ በዘማቾች ማኅበር ገበታ ላይ ይህ ሲወራ ቢራቸውን ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን አቶ ሂንሪክ ወደቡ ላይ አግኝተዋቸው፣ «ወንድም ጋሼ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ በልልኝ፣ ሌላ አልፈልግም» ብለው ለመኗቸው።

«ልጆች አሉኝ፣ ተወኝ» አሏቸው።

አቶ ሂንሪክ በ1921 ወይዘሮ ቬብከን አግብተው እኔን፣ ይህን የምጽፈውን ፍራውከን ወለዱ። ጥሩ አባት ነበሩ፤ ሰው ግን ማመን አቁመው ነበር፣ በዚህም አልፈርድባቸውም። የከሰሉ ብናኝ የጎዳው ሳንባቸው ለዓመታት ሲያሠቃያቸው ቆይቶ ማርች 3 ቀን 1951 ዐረፉ።

እናቴና እኔ፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድማቸው አቶ ዴትሌፍ ቀርተናል። አጎቴ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። ይህ ከተነበበ በኋላ ቄሱ የሚናገር ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ።

የአባቴን ነፍስ እግዚአብሔር ያሳርፍልን፤ የአጎቴንም አንደበት ይፍታልን።