ለሐዘንተኛ የሚያዝ ተራ

ጥር 6
ዛሬም ሙቀት። የመስኖ ቢሮው ቬንቲሌተር እንደተበላሸ ነው።

ሙንተሲር ከአዲስ አበባ ደወለ። የመስኖ ውሃ ተራ የሚያወጣውን ዋና የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እኔ ለቆቦ ገበሬ የሚሆን አንድ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ፕለጊን የሚሉትን፣ ሰክቼበታለሁ። ሥራው አንድ ነው፦ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ተራው አያልፍበትም፤ ይያዝለትና ከሦስት ቀን በኋላ ያጠጣል። እዚህ ድሮም ያለ ነው፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል። እነሱ ግን ከየት ያውቁታል…

አዲስ ቨርዥን ሊወጣ ነው። ፕለጊኔ ከዋናው ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርባቸው ትዕዛዞች ሁሉ ሊቀየሩ ነው።
«አሮጌዎቹን ትዕዛዞች ለአንድ ቨርዥን ያህል ጎን ለጎን አቆዩልኝ» አልኩት።
«ለአንድ ወረዳ ብለን?»
ለመንኩት። ምን ላድርግ? በመጨረሻ እሺ አለ።

ጥር 13
አዲሱ ተጫነ። ሞከርኩት… ፕለጊኑ አልወደቀም፣ አልቆመም! «ተራ ያዝ» ስለው «ተይዟል» ብሎ መለሰ። ሙንተሲርን ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ስረግመው ከርሜ ዛሬ መረቅሁት። የተራ ዝርዝሩን ከፍቼ አላየሁም፤ ደስታው በቃኝ።

ጥር 17
የጋሽ ይሁኔ እናት አረፉ። የውሃ ተራው ነገ ነው፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ገና ራስ እየቋጠረ። ከቀብር መልስ ጠጋ አለኝ።
«ካሊድ፣ እንዴት ልሁን?»
«ጋሼ፣ አንተ ሐዘንህ ላይ ተቀመጥ። ውሃውን ለእኔ ተወው።»
ቢሮ ገብቼ ተራውን ያዝኩለት። «ተይዟል» አለ።

ጥር 20
አልተያዘም።

ጥር 21
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ጋሽ ይሁኔ ሦስቱን ቀን ጨርሶ ማሳው ሲወርድ፣ ውሃ ከፋቿ የሺ «ተራህማ ከትናንት ወዲያ አለፈ፤ ተይዞልሃል የሚል የለም» አለችው። የሚቀጥለው በዘጠኝ ቀኑ ነው። በዚህ ሙቀት?

ኮዱን ገልጬ አየሁት። የአሮጌውን ትዕዛዝ ስሙን እንዳለ ትተው ውስጡን ባዶ አድርገውታል። ለጠየቀው ሁሉ «ተይዟል» ይላል፤ የሚይዘው ነገር የለም።
ሙንተሲር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፕለጊንህ እንዳይወድቅብህ ብለን እኮ ነው።»
ቢወድቅ ይሻለኝ ነበር። ቢወድቅ አውቅ ነበር።
ግን በእሱ ብቻ ምን አናደደኝ? ዝርዝሩን ያላየሁት እኔ። ቃል የገባሁት እኔ።

ጥር 24
የውሃ ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ ለመንኩ። ግማሽ ቀን ብቻ ስጡት… ማን ይሰጣል? የሁሉም ማሳ ተጠምቷል።

ጥር 27
የጋሽ ይሁኔ ተራ ደረሰ። መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ አልተነሳም።

የካቲት 2
ማሳው ሄድኩ። ሽንኩርቱ ተኝቷል፣ አንድም የሚተርፍ የለም። ጋሽ ይሁኔ አልተቆጣም። «እናቴን በወጉ ቀበርኩ» አለ። ምናለ በሰደበኝ…

የካቲት 5
ፕለጊኑን ለአዲሱ ቨርዥን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ይይዛል፤ ዝርዝሩንም በዓይኔ አየሁ። ለገበሬዎቹ ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ፣ እሺታቸው ግን ቀዝቃዛ ነው። በሰኔ ደግሞ ሌላ ቨርዥን አለ ተብሏል። እስከ መቼ እንዲህ እሮጣለሁ?

የካቲት 11
አክስቴ ሀሊሜ ሞተች። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሰዓት ቀበርናት።

ድንኳኑ ሞልቶ ባሏ አጎቴ ሙህዲን ጠፋ። ፈልጌ ፈልጌ ማሳው ላይ አገኘሁት። የመቃብሩ አፈር ከእጁ ሳይለቅ የውሃው መክፈቻ አጠገብ ተቀምጧል። ተራው ነገ ጠዋት ነው።
«አጎቴ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው። ተራህን ይዤልሃለሁ፤ ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፣ ወላሂ።»
«አውቃለሁ ልጄ።»
«ታዲያ ተነሳ እንሂድ።»
«አንተ ሂድ» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሰው የሚስቱን ሐዘን ትቶ ውሃ ሲጠብቅ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ተመለስኩ።

ድንኳን ውስጥ «ሙህዲንስ?» አሉኝ። «ውሃውን እየጠበቀ ነው» አልኩ። ማንም አልተገረመም።