ከኋላ ወንበር የመጣ ድምፅ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹም ጫማ አልበቃ እስኪላቸው አድገዋል።

አንተ እንድገዛው የመከርከኝን ሰፊውን መኪና መሸጫው ጋ ሄጄ ለሙከራ ነዳሁት። ምቹ ነው፤ ግን ኩርባ ላይ ሳዞረው ቁም ሣጥን የምገፋ መሰለኝ። አጠገቡ የቆመችውን ትንሽ ማንዋል መኪና ሳይ ሻጩ፣ "እናትዬ፣ እሷ ለጎረምሳ ናት" አለኝ። እልህ ያዘኝ። የሁለቱን ልጆች ወንበር ከኋላ አሰርኩ፤ ልክክ አለ። የልጅ ጋሪውንም ዕቃ መጫኛዋ ዋጠው። ልጆቹን ከኋላ፣ ሻጩን አጠገቤ አስቀምጬ ለሙከራ ወጣን።

ትልቋ ልጄ እንደ ልማዷ ለራሷም ለወንድሟም ታወራለች። ትንሹ በጣቱ ያሳያታል፤ እሷ "መስኮቱ ይከፈትልኝ ይላል" ትለኛለች። ሦስት ዓመቱን ሞላ፤ እስካሁን ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ሐኪሙም ጆሮው ደህና ነው ብሏል።

ጠመዝማዛው መንገድ ላይ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ማርሽ ቀንሼ አጠፍኳት። ልቤ ፈነጠዘ። ከኋላ "ድገሚ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"እሺ፣ የኔ እመቤት" አልኩ።

"እማዬ፣ እኔ አይደለሁም!" አለች ትልቋ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ሻጩ ደንግጦ፣ "ምን ተበላሸ?" አለኝ።

እንባዬን እየጠረግኩ፣ "ምንም፤ አንድ ዙር እንጨምር" አልኩት። ጨመርን። "ድገሚ!" አለ ትንሹ ደግሞ።

ትንሿን መኪና ገዛኋት። እሁድ ስትደውል ስልኩን ለእሱም እሰጠዋለሁ።

ጤናህ ይብዛልን፤ በሰላም ያገናኘን።

ናፋቂህ እህትህ