እንደምንም አገባሃለሁ

ስኮርቫ ደሴት፣ ሜይ 11 ቀን 2016

ለምወድሽ ልጄ ለኢንጉን፣

እንዴት ነሽ? እናንተ ጋ ኒውዚላንድ ብርዱ እየገባ ነው ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ። እዚህ በረዶው ከጣሪያው ወርዶ አልቋል። ጀልባዋንም ቀለም ቀብቼ ውኃ ላይ አውርጃታለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። ባለፈው በስልክ የቫይቫን ስም ሳነሳብሽ ሥራ አለብኝ ብለሽ ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። እኔ ግን ስልክ ላይ ወሬ አይሆንልኝም፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፍልሽና በተመቸሽ ሰዓት አንብቢው።

ነገሩን ያመጣችው አክስትሽ ቶርዲስ ናት። እናትሽ ካረፈች በኋላ ቤት ተቀምጬ ከሬዲዮው ጋር ስጨቃጨቅ አገኘችኝና፣ «ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ትመጣለህ» አለችኝ። እዚያ በዓሣ ፋብሪካው ለሚሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ቋንቋችንን ታስተምራለች፤ አብሯቸው የሚያወራ የአገሬው ሰው ፈልጋ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ የመርከብ ሞተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ምን አወራቸዋለሁ?» ብላት፣ «ስለ ሞተር አውራቸዋ! ሞተርም ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ግስ ነው» አለችኝ።

ቫይቫ ከሊቱዌኒያ የመጣች ናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን አሳድጋለች። አንድ ማክሰኞ እጇን አወጣችና፣ «ቶርዲስ፣ ሰው የማይገፋው ቃል ስጪኝ» አለች። የፋብሪካው አለቃ ሌሎቹ እምቢ ባሉ ቁጥር ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ የሚያስገባት እሷን ነበር። «አልችልም» ስትለው ይስቅባታል። ጣቶቿ ማበጥ ጀምረዋል።

ቶርዲስ ያዘጋጀችውን ትምህርት ትታ ሰሌዳውን ጠረገችና ቁርጠኝነትን የሚያሳዩ ተውሳከ ግሶችን መጻፍ ጀመረች።

«አልችልም አትበይው» አለቻት። «አልችልም ካልሽው ይከራከርሻል። በፍጹም አልገባም በይው። ‹በፍጹም› ከእምቢታ ጋር ሲገጥም በር ይዘጋል።»

ከዚያ ሌሎቹን አስረዳች። «በቆራጥነት» ለመነሳት ነው፣ «በጽናት» ደግሞ ለመቆየት። «በእልህ» የሚባለው ፊት ለፊትሽ የሚያናድድሽ ሰው ሲኖር ነው። ሁሉም ከበስተኋላቸው የሚያስቸግር ነገር ይፈልጋሉ፤ «በቆራጥነት ሻይ ጠጣሁ» ያለ ሰው ይሳቅበታል።

«በግትርነትስ?» አለች ቫይቫ።

«እሱን ሰው ስለ አንቺ ይለዋል እንጂ አንቺ ስለ ራስሽ አትይውም። ለምሳሌ ይህ ሃልቫርድ የሚያፈሰውን ጣሪያ በግትርነት አላሠራም ብሏል።»

«በጽናት ነው» አልኳት።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መጨረሻ ላይ ቶርዲስ እንደምንም የሚለውን ጻፈች። «ሞተሩ ጠፍቶበት፣ ማዕበል ሲመታው ያደረ ጀልባ ‹እንደምንም ወደብ ደረሰ› ይባላል። ሌላው ሁሉ አልሆን ያለው ሰው የሚጠቀምበት ቃል ነው» አለች። ቫይቫ አጎንብሳ ስትጽፍ አየኋት።

በሳምንቱ ስትመጣ ፊቷ በርቷል። «በፍጹም አልገባም አልኩት! አየኝና፣ ‹ማነው ያስተማረሽ?› አለኝ።» አለቃው ከዚያ ወዲህ በተራ ማስገባት ጀምሯል።

እኔም ከትምህርቱ በኋላ እስከ ቤቷ እሸኛት ጀመር። አንዳንዴ ዓሣ ይዤላት እሄዳለሁ፣ እሷ ድንች ትጠብሳለች። ዝም ብለን መቀመጥም እንችልበታለን። ይህን ያህል ነው፤ የተደበቀ ነገር አልነበረም።

በማርች የወጥ ቤቷ ቧንቧ አስቸገራትና ልሠራላት ሄድኩ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተኝቼ ሳለ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «አብረን ብንኖር ምን ይመስልሻል? ማለቴ፣ ተጋብተን።»

መጥበሻውን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ ጠረገች። ቃል ስትፈልግ ታስታውቃለች፣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«እሺ» አለች። «እንደምንም አገባሃለሁ።»

«እንደምንም?»

«አዎ! እንደምንም!» ብላ ጠረጴዛውን በቡጢ መታች።

ኢንጉን፣ ሽማግሌ ብሆንም ክብር አለኝ። ቧንቧውን እንደፈታሁት ትቼ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ማክሰኞ አልሄድኩም። በቀጣዩም አልሄድኩም። ስልክ ስትደውል አላነሳሁም።

አክስትሽ መጣች። «ታመሃል?» አለችኝ። አልታመምኩም አልኳት። አፋጠጠችኝና የሆነውን ነገርኳት። ቫይቫን ለጋብቻ መጠየቄን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። በእህቷ፣ በእናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በኋላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ተነሳሁ፤ ለካ እየሳቀች ነው። እንባዋም ይወርድ ነበር።

«አንተ ሞኝ! ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለ ማዕበል ነግሬያት፣ ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ መስሏት ነው። አማራጭ ያጣ ሰው፣ ሳይወድ በግድ ነገር የሚጨርስ ሰው እንደሚለው መች ነገርኳት!»

ከዚያ ተነስታ የእናትሽን ካፖርት ከበሩ አጠገብ አወረደች። እዚያ ተሰቅሎ እንደቀረ ታውቂያለሽ። አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችውና፣ «ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው» አለች። «ለኢንጉን አስቀምጥላታለሁ። አንተ ቧንቧውን ሂድና ግጠም።» ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ካፖርቱን ይዛ ወጣች።

ቫይቫ ጋ ስደርስ ወጥ ቤቱ እንደተውኩት ነው። ከመታጠቢያ ቤት በባልዲ ውኃ እየቀዳች ሳህን ስታጥብ ከርማለች።

«ቧንቧ ሠራተኛ ለምን አልጠራሽም?»

«በግትርነት» አለች።

«ስለ ራስሽ አይባልም።»

«አውቃለሁ።»

አልሳቀችም። በጥያቄዬ የተጸጸትኩ መስሏት ነበር። ቃሉን እንዴት እንደሰማሁት ስነግራት ደነገጠች፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «እኔ እኮ» አለች፣ «ልጆቼ ቢቆጡም፣ ሰው ቢያወራም፣ ልጅህ ባትወደኝም አገባሃለሁ ማለቴ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል እንዴት ልበል?»

ቶርዲስን ጠየቅናት፤ እሷም አሰበችና፣ «ለዚያ ቃል የለንም፣ ዝም ብለሽ አገባሃለሁ በይው» አለቻት። እንደዚያው አለችኝ።

ጁን 18 ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በማዘጋጃ ቤት እንጋባለን። ድግስ የለም፤ ከዚያ በኋላ ቶርዲስ ቤት ሾርባና ኬክ አለ። ይህን የጻፍኩልሽ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ ሥራም እንዳለብሽ አውቃለሁ፤ ምንም አልጠይቅሽም። አልጋሽ ላይ ግን አዲስ አንሶላ አንጥፈናል፣ የድሮው ስላረጀ ነው።

ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ ቶርዲስ ናት። የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ የሁለተኛውን ስም ንገረኝ ብላ ደጋግማ ደውላልኛለች። ለአንድ ሰው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ አልኳት።

ጤናና ሰላም አይለይሽ። የምትሠሪው ሁሉ ይቃናልሽ፣ እግዜር ባለሽበት ይጠብቅሽ።

አባትሽ
ሃልቫርድ