ፊታቸውን የሸሸጉልን እትዬ መስታወት

እትዬ መስታወት ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና በስልክ ማዞሪያ ቤት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ብዙዎቻችሁ መስታወት ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ይመስላችኋል። አይደለም፤ የድብብቆሽ ጨዋታ ያወጣላቸው ቅጽል ስም ነው። ፈላጊው ልጅ ጓዳ ለጓዳ አይንከራተትም ነበር። በቀጥታ መጥቶ የእሳቸውን ፊት ያያል፤ ዓይናቸው ወደ በርሜሉ ሸርተት ካለ ከበርሜሉ ኋላ ያለው ተያዘ ማለት ነው። በመጨረሻ ልጆቹ ተማክረው ከጨዋታው አስወጧቸው። "መስታወት ናት፣ ውስጧ ያለው ሁሉ ይታያል" ተባለና ስሙ በዚያው ጸና። እናታቸው የከተማውን ምሥጢር ሁሉ ሲያገናኙ ውለው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ቤታቸው የሚገቡ ሴት ስለነበሩ፣ "ይቺ ልጅ በማን ወጣች?" እያሉ ይገረሙ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ በ1971 ዓ.ም. በፋርማሲ ሙያ በዲግሪ ተመርቀው በትልቁ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ለዘመድ ሲያወሩ፣ "ያሰበችልኝን ስጦታ ከሳምንት በፊት ከፊቷ ስለማነበው፣ አንድም ቀን አስደንቃኝ አታውቅም" ይሉ ነበር።

ሆስፒታሉ በካንሰር፣ በተላላፊ በሽታዎችና ሰውነት የራሱን አካል እንደ ጠላት በሚያጠቃባቸው ሕመሞች ላይ የመድኃኒት ጥናት ማካሄድ ሲጀምር፣ እትዬ መስታወት በ1992 ዓ.ም. ወደ ምርምር ክፍሉ ተዛወሩ። የእንዲህ ያለው ጥናት ሕግ ለማያውቀው ሰው ጨካኝ ይመስላል። ሁሉም ሕመምተኛ የተለመደውን ሕክምና ያገኛል፤ በዚያ ላይ በዕጣ ለግማሹ አዲሱ መድኃኒት፣ ለግማሹ ተራ የጨው ውሃ ይጨመርለታል። ለማን የትኛው እንደደረሰ ታካሚው አያውቅም፣ ሐኪሙ አያውቅም፣ ነርሷም አታውቅም። ካወቁ ተስፋና ፍርሃት ውጤቱን ያበላሹታል። ሆኖም አንድ ሰው የግድ ማወቅ አለበት፤ በደም ሥር የሚሰጠውን የመድኃኒት ከረጢት በእጁ የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት። ያ ሰው እትዬ መስታወት ሆኑ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መርጠው ምሥጢሩን ለመስታወት ሰጡ?" አሉ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ሆድ ይፍጀው ማለት ለሌላው ሰው ቀላል ነው፤ የእሳቸው ሆድ የያዘውን ፊታቸው ያወጣዋል። ስለዚህ ፊታቸውን ደበቁ። የማዘጋጃ ክፍሉን መስታወት ነጭ ቀለም አስቀቡት። መድኃኒቱ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሁለቱንም ዓይነት ከረጢት በቡናማ ሽፋን ጠቅልለው፣ በግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት እጃቸውን ብቻ አውጥተው ለነርሷ ያቀብላሉ። ታካሚዎቹ ሳይመጡ ይገባሉ፣ ሁሉም ሲወጡ ይወጣሉ። ኮሪደር ላይ ድንገት ከአንዱ ጋር ከተገናኙም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛቸውን ወደ ዓይናቸው ስበው መሬት መሬት እያዩ ያልፋሉ። ኩሩ ናቸው የተባሉት በዚህ ነው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ እሳቸው የሚፈሩት በዓይን እንዳይወጣ ነበር።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እትዬ መርፌን የማያውቅ የለም። ምላሳቸውም እንደ ሙያቸው ስለነበር ነው መርፌ የተባሉት። እሳቸውና እትዬ መስታወት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ግቢያቸውን የሚለየውን ግንብ አስበስተው ትንሽ በር አሠርተውለት ነበር፤ የሁለቱም ቤት ልጆች በዚያች በር እየተመላለሱ፣ የየትኛው ቤት ልጆች እንደሆኑ ለእንግዳ ግራ እስኪያጋባ ድረስ አደጉ። የሁላችንንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፉት እትዬ መርፌ ናቸው፤ ሲለኩንም "ትንፋሽህን አትያዝ፣ ሆድህን ከእኔ አትደብቅም" ይሉን ነበር።

በ1999 ዓ.ም. እትዬ መርፌ ሉፐስ በሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ በራሱ በባለቤቱ ላይ በሚዞርበት በሽታ ታመው ኩላሊታቸው ተጎዳ። ሐኪማቸውም ያኔ በተጀመረው ጥናት ውስጥ አስገባቸው። እትዬ መስታወት የጥናቱን ኃላፊ "ባልንጀራዬ ናት፣ እባክዎ ከዚህ ሥራ ያውጡኝ" ብለው ለመኑ። የሥጋ ዘመድ ስላልሆኑ ሕጉ እንደማይከለክላቸው፣ ለሥራው የሠለጠነ ሌላ ሰውም እንደሌለ ተነገራቸው። በዚያው ቀን ከሥራ ሲመለሱ ትንሿን በር ከውስጥ ቀረቀሯት።

እትዬ መርፌ መጀመሪያ ቀለዱ። "መስታወት፣ በሩንም ጥናት ውስጥ አስገባሽው እንዴ?" አሉ ከግንቡ ማዶ ሆነው። ቆይተው ተቆጡ። በኋላም "ምን አደረግሁሽ?" እያሉ ያለቅሱ ጀመር። እትዬ መስታወት በሩን ተደግፈው ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ ድምፄም እንደ ፊቴ ያጋልጠኛል ብለው ፈርተው ነው። በዚህ የተነሣ እትዬ መርፌ የራሳቸውን ፍርድ ፈረዱ። "የሚሰጡኝ የጨው ውሃ ነው፤ ዋናው ቢደርሰኝ ኖሮ ደስታዋን መደበቅ ስለማትችል ሮጣ ትመጣ ነበር" አሉ። ሰፈሩም አመናቸው።

እውነቱ ሌላ ነበር። በዕጣ የደረሳቸው ዋናው መድኃኒት ነው። እትዬ መስታወት ያንን ቢጫ ፈሳሽ በገዛ እጃቸው ሲያዘጋጁ፣ ሽፋኑን ሲጠቀልሉ፣ ባልንጀራቸው ደግሞ ለውጥ ሳያገኙ እግራቸው ሲያብጥና ሲዝሉ ከረሙ። ማስቆም አይችሉም፣ መንገር አይችሉም፣ ሄዶ አጠገባቸው መቀመጥም አይችሉም። በዚያ ዘመን ቤት ሲገቡ የሚያናግሩት ሰው አልነበረም። መምህሩ ባለቤታቸውም ከፊታቸው እንዳያነቡ ብለው እራታቸውን ጀርባቸውን ሰጥተው ይበሉ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ እትዬ መርፌ በጠና ደክመው መድኃኒቱም ቆሞላቸው ሳለ፣ እትዬ መስታወት መሸፈኛቸውን እንዳደረጉ ሄደው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "አውልቂውና ልይሽ" አሏቸው ሕመምተኛዋ። ጥናቱ ገና ስላልተዘጋ አላወለቁም። ግንባራቸውን በባልንጀራቸው እጅ ላይ ደፍተው አለቀሱ። "ተይው፣ ገብቶኛል" አሉ እትዬ መርፌ፣ ጸጉራቸውን እየዳበሱ። የገባቸው ግን ያልሆነ ነገር ነበር። ያንኑ እንደያዙ በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ጥናቱ ተጠናቅቆ ምሥጢሩ ሲከፈት፣ መድኃኒቱ ከጨው ውሃው ብልጫ እንደሌለው ታወቀ። እትዬ መስታወት "ይህም ዕውቀት ነው፤ ከእንግዲህ ሰው በከንቱ አይወጋበትም" ይሉ ነበር፤ ፊታቸው ግን እንዲህ አይልም ነበር። የእትዬ መርፌ ልጅ ለእናቷ ሲሰጣቸው የነበረው ዋናው መድኃኒት መሆኑ ሲነገራት መጥታ ትንሿን በር ደበደበች። "ታዲያ ለምን ሸሿት?" አለች።

"እሷን አልሸሸሁም፣ ልጄ። የሸሸሁት ፊቴን ነው" አሏት። በሩ ከዚያ ወዲህ ተቀርቅሮ አያውቅም፤ እሷም የዚህ ቤት አራተኛ ልጅ ሆና ቀረች።

እትዬ መስታወት በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ ወጣት ፋርማሲስቶችን ያሠለጥኑ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርታቸው "ፊታችሁን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ" የሚል ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዷ በየእሑዱ እየመጣች ታጫውታቸው ነበር። ሳቋ ከበር ሲሰማ መምህሩ "መጣችልሽ፣ እኛ እንውጣላችሁ" ይላሉ።

በ2014 ዓ.ም. እትዬ መስታወት የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ተገኘባቸው። ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ፣ የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣ አዲስ መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት ለመግባት ፈቅደው ፈረሙ። በዚያ ጥናት ከትንሿ መስኮት ጀርባ የተመደበችው ያችው ተማሪያቸው ነበረች። በዕጣ ከተመደቡበት ሳምንት ጀምሮ እሑድ እሑድ መምጣቷን ተወች። ቤተሰቡ "ሰው የሚለየው በችግር ቀን ነው" እያለ ሲያማት እሳቸው ይቆጡ ነበር። "ተዉአት! ብትመጣ ነበር የማፍርባት" ይሉ ነበር።

ነገር ግን ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ማንም ሳያነሣባቸው "ዛሬም አልመጣችም?" ማለት ጀመሩ። መቅረት ምንም እንደማይናገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ መድኃኒቱ የደረሰውንም ያልደረሰውንም ታካሚ እኩል ሲሸሹ የኖሩ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ። አንድ ቀን ለመምህሩ "መርፌ ከግንቡ ማዶ ምን ሆና እንደነበር ዛሬ ገባኝ። ማወቄ ምንም አልረዳኝም" አሏቸው። መምህሩ ያንን ሲያነቡት የኖሩትን ፊት አዩት። እጃቸውን ያዙ።

እትዬ መስታወት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸውና ስድስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ሲሰጣቸው የነበረው መድኃኒቱ ይሁን የጨው ውሃው ቤተሰቡ አያውቅም። የመጨረሻው ታካሚ እስኪጨርስ ድረስ ጥናቱ አይከፈትም። የምታውቀው ልጅ ግን ዛሬ መጥታለች፤ መሸፈኛዋን እንዳደረገች እዚያ ከኋላ ቆማለች። ወዳጅ ዘመዶች፣ አደራ፣ አትጠይቋት። ፊቷንም አትመርምሩት፤ የሰጠቻቸው የትኛውንም ቢሆን ለቅሶዋ ያው ነው። እጇን ጨብጡ፤ ስትጨብጧትም እንደ እትዬ መስታወት መሬት መሬት እዩላት።

ሁሉን የሚያውቀው፣ ለማንም የማይነግረው አምላክ የእትዬ መስታወትን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ከእትዬ መርፌም ጋር መሸፈኛ በማያስፈልግበት ፊት ለፊት ያገናኝልን። አሜን።