ቁም ጸሐፊው መሪጌታ ወልደአረጋይና በዳዊታቸው ሽፋን ውስጥ የተገኘው ደብዳቤ

ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ወልደአረጋይ ከአባታቸው ከቄስ ገብረአብ ባፈናና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታየች ወልደተንሣኤ በ1903 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ከነአቋቋሙ ጠንቅቀው፣ ቁም ጽሕፈት ተምረው ደብራቸውን በመሪጌትነት አገለገሉ። በ1927 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋወርቅ ብርሃነ መስቀልን በተክሊል አግብተው ወለተ ጊዮርጊስንና የሺጥላን ወልደዋል። በምንኖርባት በጎረቤላ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ የሚያስነብበው እሳቸውን ነበር።

ከ1953 ዓ.ም. ወዲህ ከጎናቸው ሰላም የሚላቸውን ሰው ዝም ብለው ማለፍ አመጡ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ፊደል አጥርተው ያዩ ስለነበር ዓይናቸውን የጠረጠረ የለም። አገሩ «ኮሩ» አላቸው፤ ይህን ያላችሁ ዛሬም እዚህ ቀብራቸው ላይ ቆማችኋል።

በ1956 ዓ.ም. ልጃቸው የሺጥላ በስንት ልመና ደብረ ብርሃን ወስዶ ለዓይን ሐኪም አሳያቸው። ምርመራው አገጭን አስደግፎ፣ መካከሉን ነጥብ ብቻ እያዩ፣ ከዳር ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ጠረጴዛውን ማንኳኳት ነበር። መሪጌታ ግን «ብርዕ ያስጥሉኛል» ብለው ፈሩ። የብርሃኑን አመጣጥ እንደ ማሕሌት ዝማሜ ምት ለክተው ያላዩትንም እያንኳኩ ወጡ። እቤት ሲመለሱ «ልኩን አንኳኳሁለት! ለእኔ ዜማ ሊያስተምር ኖሯል?» ብለው አሳቁን። ያ ሳቅ ዛሬ ያንገበግበናል።

የሐኪሙን ካሜራ ግን ማታለል አልተቻላቸውም። የዓይናቸውን ውስጥ ያነሣው ፎቶግራፍ ታጥቦ ከታየ በኋላ ሐኪሙ ደብዳቤ ላከ። መሪጌታ አንብበው «ዓይንዎ ደኅና ነው ይላል» አሉ። የሁላችንን ደብዳቤ የሚያነቡ ሰው ነበሩና የእሳቸውን ላንብብ ያለ ደፋር አልተገኘም።

በ1959 ዓ.ም. ብርዓቸውን አስቀመጡ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በጠራራ ፀሐይ የመንገዱን ዳር ስተው ገደል ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ስድስት ወር በአልጋ ማቅቀው ሚያዝያ 14 ቀን በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት በአስከሬናቸው ላይ ሊደገም በእጃቸው የጻፉት ዳዊት ሲወጣ፣ ከሽፋኑ ቆዳ ሥር ያ ደብዳቤ ተገኘ። የዓይን ግፊት የማያ ጅማቱን እየጎዳ ዕይታን ከዳር ጀምሮ እየቀነሰ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን በጠብታ ይተርፋል፤ በሽታው በዘር ይሄዳልና እኅትና ልጆችም ሳይዘገዩ ይመርመሩ ይላል።

መሪጌታ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ሌላ ታናሽ እኅታቸውን ወይዘሮ ንጋቷን ትተዋል። ወይዘሮ ንጋቷ ካምና ጀምሮ የሚያዩት በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ያዩ ነበር።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ይቅር የምንልበት ልብ ይስጠን። ሰኞ ወይዘሮ ንጋቷና ልጆቹ ለምርመራ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። አደራ፣ ያላያችሁትን አታንኳኩ።