ጋሼ ማርቆስና ያልጨረስኩት መጽሐፍ

ሆሳዕና፣ እሑድ ኅዳር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

በጋሼ ማርቆስ ተናድጃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ስለሆነ ፊት ለፊት አልናገረውም፤ እዚሁ ልጻፈው።

ትናንት ከዱራሜ ሲመጣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሳነብ አገኘኝ። መጽሐፉ ላይ አንድ ጳጳስ ተመርዞ ይሞታል፤ ከመሠዊያው ሥር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የደበቀችው ብራና አለ ይባላል። ልብ ወለድ ነው። ብራናው ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አውቄም ደስ ይለኛል። ገዳዩ ሊታወቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረኝ፣ "አንቺ ቆራቢ አይደለሽም እንዴ?" ብሎ ከእጄ ወሰደው። ዱራሜ ባለው የካቶሊክ ቁምስናቸው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ላይ፣ እማዬና አጎቶቼ ባሉበት መጽሐፉን ይነቅፍ ጀመር። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንዳልተኛ ያስታውቃል። የብራናውን ነገር በጥቅስ አፈራረሰውና፣ "ደግሞ ይታያችሁ፣ ጳጳሱን የገደለው የገዛ ሐኪሙ ነው" አለ።

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። እኔ የጠረጠርኩት ሾፌሩን ነበር።

"ካልወደድከው ለምን እስከ መጨረሻው አነበብከው?" አልኩት።

"መልስ ለመስጠት ነዋ" አለ። እንዲህ ካለ መጽሐፍ እንድርቅ ሁሉም ተነሥተው ጸለዩልኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ።

ማታ መናኸሪያ ስሸኘው ባጃጅ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፊልሙ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?" አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ሲዲው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉን ስጨርስ ላየው ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ግን ባየውም፣ ሐኪሙ ብቅ ባለ ቁጥር የሚታየኝ ጋሼ ማርቆስ ነው።