ከአያ ፈንቴ አንገት ላይ ያነሣሁት ድንጋይ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ጫማዬ ዛሬም አልደረቀም። ከፖ/ጣቢያው እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ አሁንም ጭቃ ነው። መርማሪዋ ትምጣ ብለው ሻይ ሳልጠጣ ጠሩኝ። ሐይቁ ዳር ለታንኳ የሚሆን ደንገል የሚያጭዱ ሴቶች ሬሳ አግኝተዋል። ደሳለኝ ነው፣ የአያ ፈንቴ ትልቁ ልጅ፣ ዓሣ አስጋሪው። ከትናንት ጀምሮ ሲፈለግ ነበር።

ኮማንደሩ ከሩቅ ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ሰምጦ ነው አለ። ደሳለኝ እኮ ገና በወጉ መራመድ ሳይችል ዋና የለመደ ልጅ ነው። ከጆሮው በላይ ያለው ስንጥቅ ጣት ያስገባል። ሐይቁ መቅዘፊያ ይዞ ሰው አይመታም። ይህን ለኮማንደሩ ነገርሁት። አልሳቀም።

ኅዳር 4፣ ማታ

ታናሽ ወንድሙ ሙሉቀን ቃሉን ሰጠ። በአንድ ታንኳ ላይ ነበሩ። በዋና አምልጦ ወጥቶ፣ ከፍርሃት የተነሣ ለማንም ሳይናገር ቆይቷል። ሬሳው ሲወጣ አንደበቱ ተፈታ። ይርጋ ባለሞተሩ በጀልባው መረባቸውን በጠሰው። ደሳለኝ ተሳደበ። ይርጋ በመቅዘፊያ ጭንቅላቱን መታው። ይኸው ነው። ሙሉቀን ሲናገር አላለቀሰም። ጻፍሁ፣ አነበብሁለት፣ ፈረመ።

ይርጋ የዚህን ዳርቻ ዓሣ ሁሉ የሚገዛ ሰው ነው። የኮማንደሩም ምሳ ከእሱ ዘንድ ነው የሚመጣው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ብዬ ልጽፍ አልሁና ተውሁት። ይኸው ጻፍሁት።

ይርጋን አሰርሁት። ለአንቺ ምን እደብቃለሁ ደብተሬ፣ ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 8

ኮማንደሩ ይርጋን ለቀቀው። ምርመራው ይቀጥላል፣ ሰውየው ግን የታወቀ ነው፣ የትም አይጠፋም አለኝ። ምን ሊያደርግ ይጠፋል? ከተማው የእሱ።

ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤት መካከል ይመላለሳሉ። እርቅ ሊያወርዱ ነው። የይርጋ ወገን ሙሉቀንን ላይነካ፣ ሙሉቀንም ላይመሰክርና ደም ላይመልስ በቤተ ክርስቲያን ሊማማሉ። ያፈረሰ ይረገማል። ይርጋ የወንድም ድሃ አይደለም፤ ሙሉቀን ቢመሰክር ወንድሞቹ አይምሩትም፤ ለአያ ፈንቴ የቀራቸው ግን ሙሉቀን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ቀርቷቸዋል፦ እኔ። ነገሩን ተዪው ሊሉኝ ነው።

የነፍስ ግድያ በእርቅ አይቀርም ይላል ሕጉ። ይበል። ምስክሩ ዝም ካለ ሕጉ ምን አፍ አለው? እኔ ግን እምቢ እላለሁ። ቆርጫለሁ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እጄን ቢቆርጡት ደስ ባለኝ።

ከቅዳሴ መልስ መጡ። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ ግማሽ ከተማው። በመካከላቸው አንድ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይራመዳል። ይርጋ ነው ብዬ ልቤን አጠነከርሁ። በዳይ አይደል ድንጋይ የሚሸከመው? ይርጋ ግን ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከኋላ ቆሟል። የተሸከሙት አያ ፈንቴ ናቸው። የሟች አባት! እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ አንዱን ሐይቁ ወሰደብኝ» አሉ። «ሁለተኛውን ሕጉ እንዳይወስድብኝ። በሚካኤል ይዤሻለሁ።»

እርስዎ ምን በደሉና፣ ይነሡልኝ ብል እምቢ አሉ። ላባቸው አንገታቸው ላይ ከአፈሩ ጋር ጭቃ ሆኗል። እጄ ቀደመኝ። ድንጋዩን አነሣሁላቸው።

እልልታው ቀለጠ። ድንጋዩን ያነሣ ልመናውን ተቀብሏል፤ ቃል አያስፈልገውም። የዚሁ አገር፣ የአንበሳሜ ልጅ ነኝ፣ ይህ ወግ ሊጠፋኝ አይችልም። ደክሟቸው ስላየሁ ነው እንጂ ነገሩን አልተውሁም ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ሴቶቹ መረቁኝ። ሙሉቀን አጥሩ ሥር ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ፊቱን አዞረና ሊምል ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደ።

ኅዳር 14

ኮማንደሩ «እህቴ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰምጦ ሞተ የሚል ወረቀት አዘጋጅቷል፣ እኔ እንድፈርም። ነገ አልሁት።

ገበያ ውስጥ ይርጋ ባርኔጣውን አውልቆ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። አብሮ ይስጥልን አልሁ። ምን ይባላል እንግዲህ? ሰው ሁሉ ያያል። ማታ ዓሣ ላከልኝ፣ ትልልቅ ቆረሶ። መለስሁት። ቤቱ ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ኅዳር 17፣ ማታ

ሙሉቀን መጣ። አልቀመጥም አለ። በእኔ የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ እንደዚያም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር የቆምሁ። እምቢ ቢሉ ኑሮ እርቁም አይወርድ፣ እኔም አልምል። እመሰክር ነበር። አባቴም ለምነው አጡ ይባል ነበር እንጂ ነውር አልነበረውም።»

ተስፋ ያደረገው አንድ ሰው ላይ ነበር፣ እሱም እኔ ነበርሁ። አሁን ምን ልታደርግ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከዓሣው ጎን የሚያርስበትን በሬውን መሸጡን ሰምቻለሁ። ገበሬ በሬውን ሸጦ ምን እንደሚገዛ ለፖሊስ ነጋሪ አያስፈልገውም። ጠመንጃ ነው። መሐላህስ አልሁት።

«መሐላውን ማፍረሴ ካልቀረ፣ በአፌ አላፈርሰውም» አለና ወጣ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አያ ፈንቴ ያን ሁሉ የተሸከሙት ለዚህ ነው? ልጃቸውን ሊያተርፉ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ሊሆንባቸው ነው። በእኔ እጅ።

ኅዳር 18፣ ጠዋት

ወረቀቱን አልፈረምሁም። ቀድጄዋለሁ። ኮማንደሩ የወደደውን ያድርግ።

በመጀመሪያው መኪና ባ/ዳር እሄዳለሁ፣ ዐ/ሕግ ዘንድ። ሙሉቀን ከመማሉ በፊት የነገረኝን፣ በዓይኔ ያየሁትን ቁስል፣ እኔው ራሴ እመሰክራለሁ። እሱ አፉን አይከፍትም። ይበቃል? አላውቅም። ዐ/ሕጉ ይስቅብኝ ይሆናል።

ከመሄዴ በፊት ግን መናኸሪያው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እርቁን ያፈረስሁት እኔ ነኝ፣ የአያ ፈንቴ ቤት የለበትም ብዬ እናገራለሁ። የይርጋ ወንድሞች ይስሙ። ቂማቸውን ወደ እኔ ያዙሩት። ሙሉቀንም ይስማ፣ ጠመንጃውንም ያስቀምጥ። አያ ፈንቴ ይረግሙኛል። የሌላው እርግማን ግድ የለኝም፤ የእሳቸው ግን ያመኛል፣ ከአሁኑ ያመኛል።

እሱ ከሚገድል እኔ ልረገም።